ሞተሩ ከወጣ በኋላ

ውሸት ነው የሚል ይበል... እኔ ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ቅዳሜ፣ ቀን ስድስት ሰዓት፣ ከግቢዬ ጋር አጥር በሚጋራው ጋራዥ ውስጥ።

የጋራዡ ባለቤት ጎረቤቴ ነው። "ጆሮ" እንለዋለን። ሞተር ሰምቶ በሽታውን ይናገራል። የማይሰማው የሚስቱን ድምፅ ብቻ ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት አንዲት አዋላጅ ነርስ መኪናዋን አመጣችለት። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት በርቷል፤ ዳገት ላይ ያንኳኳል።

ጆሮ መረመረ። ሞተር ሲያንኳኳ የሚያውቀው ሴንሰር ሞቷል። ለመቀየር ግን ግማሽ ሞተር መፍታት አለበት። ሰነፈ። ሽቦውን ቆርጦ ሬዚስተር የሚሏትን ትንሽ ዕቃ ቀጠለበትና ሴንሰሩ የሚሠራ አስመስሎ መኪናዋን አታለላት።

መብራቱ ጠፋ።

"አሁንም ያንኳኳል እኮ፣ ወንድሜ..."

"ከእኔ ጆሮ ያንቺ ሊበልጥ ነው?"

እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። ሽቦውን ሲቆርጥ አይቻለሁ። "እህቴ፣ የሕፃናቱ ለቅሶ ጆሮሽ ላይ ቀርቶ ይሆናል" ብዬ አሳቅኋቸው።

በሦስተኛው ቀን ዳገቱ መሃል ሞተሩ ቀጥ አለ። ከኋላ የጭነት መኪና ነበር...

እስከ ዛሬ አልነቃችም።

ቅዳሜ ዕለት ታናሽ ወንድሟ መጣ። መኪናዋ ተጎትታ ጋራዡ ውስጥ ቆማለች። ሞተሯ ወጥቶ መሬት ላይ ተቀምጧል።

"ጋሼ፣ ትራፊኮቹ ጥፋቱ የእሷ ነው እያሉ ነው። መንገድ መሃል ዝም ብላ ቆመች ይላሉ። መኪናዋ ደህና ነበረች?"

ጆሮ መሬት መሬቱን አየ።

"ደህና ነበረች።"

ኳ...

ከኮፈኑ ሥር ነው። ባዶ ከሆነው ኮፈን ሥር።

ኳ... ኳ...

"ሰማህ?" አለኝ ጆሮ በሹክሹክታ።

"ዝም በል።"

"ምኑን ነው የሚሰሙት?" አለ ልጁ። እሱ ምንም አልሰማም።

ኳ ኳ ኳ ኳ...

ጆሮ የልጁን እጅ ያዘ። "ልጄ... ዋሽቼሃለሁ።" ሽቦውን፣ ስንፍናውን፣ ሁሉንም ተናገረ። እንባው ከግራሶ ጋር ተቀላቅሎ አገጩ ላይ ወረደ።

ድምፁ ቆመ።

ልጁ መሬት ላይ የተቀመጠውን ሞተር አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"እርስዎስ፣ ጋሼ? ያን ቀን እዚህ ነበሩ?"

ጆሮ ቀና ብሎ አየኝ።

"እኔ?... እኔ አልነበርኩም።"

መኪናዋን ማንም አልነካትም። ነፋስም አልነበረም።

ከሹፌሯ ወንበር ቀጥሎ ያለው የተሳፋሪ በር ቀስ ብሎ ተከፈተ... ወለል ብሎ፣ ወደ እኔ።