ያልለቀቀው ፍሪሲዮን

ሽማግሌው የሞቱት እንደ ቆሙ ነው።

ጀርባቸው በግቢው ብረት በር፣ ከወገብ በታች በአሮጌዋ መኪና አፍንጫ ተጠርቅመው። አንድ እጃቸው መቀርቀሪያውን እንደ ጨበጠ ነበር። መሪውን ይዛ የተቀመጠችው የልጃቸው ሚስት ናት።

አዋላጅ ነች። ስንቱን ከሞት አፍ ያወጣች ሴት፣ ያን ዕለት ጠዋት ግን በእጇ ሰው ሞተ።

ጎረቤቶቹ ጩኸቱን ሰምተው ሲደርሱ ያዩት ይህንኑ ነው። ጠቡን የሰሙት ደግሞ ቀደም ብለው ነበር። ሰሞኑን ሽማግሌው በረንዳ ላይ ቆመው "ሁለተኛ ይህን መኪና እንዳትነኪ!" ሲሉ፣ እሷም "ታዲያ ክንፍ አውጥቼ ልብረር?" ስትላቸው። ለጎረቤት ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

የባሏ እናት ፖሊሶቹ ፊት ጣታቸውን ቀሰሩባት።

"ገዳይ!"

ባሏን ፈለገች። ባሏ ግድግዳ ተደግፎ መሬት መሬት ያያል።

ፖሊሶቹ ያስገቧት ክፍል በሩ ከውስጥ እጀታ የለውም። እሷ ግን እያወቀች ደጋግማ ዳበሰችው። አየሩ የታፈነ ነው። ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር ሽማግሌው ያዩዋታል።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ጠራቻት። መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ድምፅዋ ጎርነን ያለ ሴት ነች።

"ትጠያቸው ነበር?"

"አባባን? በዚያ ቤት ሰው ብለው የሚያዩኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።"

"ጮኸውብሻል።"

"ማርሹ እየደረቀብኝ ነው ብዬ ነግሬያቸው፣ እስኪሠራ አትንጂ ነው ያሉኝ።"

"ነዳሽ ግን።"

"ምጥ የያዛት ሴት መኪናሽ እስኪሠራ ልታገስ አትለኝም።"

መርማሪዋ ወንበሯን ሳብ አደረገች። "ጠዋት የሆነውን አንድ በአንድ ንገሪኝ።"

"ግቢያችን ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል። የእጅ ፍሬኑ ስለማይዝ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ነው የማቆመው። ጠዋት የፍሪሲዮኑን ፔዳል እስከ ታች ረግጬ አስነሳለሁ። ዛሬም ረገጥኩ። እግሬ ወለሉን ነክቷል። ቁልፉን ሳዞረው ግን መኪናዋ ዘላ ሄደች፤ ፍሬን ሳልይዝ አባባ ላይ ደረሰች።"

"ከዚያስ?"

አዋላጇ እጆቿን አየቻቸው። "ማርሹን ላወጣው ጎተትኩ። እምቢ። በሁለት እጄ ጎተትኩ። እምቢ አለ። አባባ ያዩኛል። መጨረሻ ላይ ሞተሩን አጠፋሁት።"

"ሲጠፋስ?"

ስለዚህ ነገር አላሰበችበትም ነበር።

"ሲጠፋ... ወጣ። በአንድ ጣት የሚወጣ ይመስል ነበር።"

መርማሪዋ ብድግ አለች። "ተከተይኝ።"

መኪናዋ በፖሊስ ጣቢያው ግቢ ቆማለች። አዋላጇ ታዝዛ ገብታ ከመሪው ኋላ ተቀመጠች። በሩ ሲዘጋባት መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

"ሞተር ሳታስነሺ ማርሽ ቀይሪ።"

አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ የኋላ። ሁሉም ሰተት አለ።

"አሁን ማርሹን አውጪና አስነሺው። ፍሪሲዮን ረግጠሽ አስገቢ።"

መኪናዋ አጓራች። ማርሹ ከእጇ ጋር ተናነቀ።

"ይበቃል፤ አጥፊው።" መርማሪዋ በመስኮቱ ጎንበስ አለች። "ባልሽ ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሹ ሳጥን፣ ማርጀቱን እያወቀች ነዳች ብሎናል። ካምቢዮው ቢሆን ሞተር ጠፍቶም ያስቸግርሽ ነበር። ችግሩ ፍሪሲዮኑ ነው። ብትረግጪውም ሞተሩን ከጎማው አይለየውም።"

ኮፈኑ ተከፈተ። ፔዳሉን ከፍሪሲዮኑ የሚያገናኘው ካቦ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረግቧል።

የሠፈሩ መካኒክ ላቡን እየጠረገ መጣ። መኪናዋን መጨረሻ የሠራት እሱ ነው። አዋላጇ በልቧ ጥፋተኛው እሱ እንዲሆን ተመኘች። እሱ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?

"አላልተህ ነው ያሰርከው?" አለችው መርማሪዋ።

"ኧረ እመቤቴ! አዲስ ካቦ ነው ያስገባሁት። እሷን ጠይቋት፤ ስትወስደው ማርሹ እንደ ውሃ ለስላሳ አልነበረም?"

"ነበር" አለች አዋላጇ ሳትወድ በግድ። "ከዚያ ወዲህ ነው ቀን በቀን እየደረቀ የመጣው።"

"በራሱ ላልቶ ይሆናላ" አለች መርማሪዋ።

"አይላላም! ካቦውን ወጥሮ የሚይዘው ዳዶ ሁለት ነው፤ አንዱ ሌላውን ይቆልፈዋል።" መካኒኩ ጎንበስ ብሎ በጣቱ አሳየ። የሁለቱም ዳዶዎች ጠርዝ በመፍቻ ተቦጫጭሮ ያብለጨልጫል። "ይህን ያደረገ ሰው እጁ ሥራ አያውቅም።"

መርማሪዋ ወደ አዋላጇ ዞረች።

"ጠዋት ጠዋት በሩን የሚከፍተው ማነው?"

መልሱን አውጥታ ከተናገረችው መመለሻ የለውም።

"ባሌ" አለች በመጨረሻ። "ሁልጊዜ እሱ ነው። ዛሬ ግን ወገቤን አመመኝ ብሎ... አባባን እሱ ላካቸው።"

"ኮፈኑንስ ከፍቶ ያውቃል?"

"ሰሞኑን ማታ ማታ ውሃ ልጨምርላት ይል ነበር።" ይህን ስትል እንባዋ ፈሰሰ። አሳቢ ሆነልኝ ብላ ነበር።

ባልየው ተጠራ። ሲመጣ ሚስቱን ቀና ብሎ አላያትም።

"ስለ መኪና ምን ታውቃለህ?"

"ምንም። ኮፈኗን እንኳ ከፍቼ አላውቅም።"

"ደህና። መካኒኩ ካቦው በእርጅና ተበጠሰ ይላል። እንግዲህ አደጋ ነው ብለን መዝጋታችን ነው፤ ሚስትህም ወደ ቤቷ ትሄዳለች።"

የባልየው ፊት ተለዋወጠ። "እንዴት ትሄዳለች? ይዋሻል! ካቦው መቼ ተበጠሰ፣ እሷው ዳዶውን አላላችው እንጂ..."

አፉ እንደ ተከፈተ ቀረ።



"ስለ ዳዶ ማን ነገረህ?" አለች መርማሪዋ። "ኮፈን ከፍቼ አላውቅም ያልከው አሁን ነው።"

ዞር ዞር ብሎ አየ። ከኋላው ፖሊስ፣ ከፊቱ መኪናዋ። የመኪናዋ ጎማ ሥር ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲያ አላንገራገረም፤ ሁሉንም ተናገረ። ሌላ ሴት አለችው። ሚስቴን ልፍታ ባለ ጊዜ አባቱ "ከዚህ ቤት የምትወጣው አንተ ነህ፤ እሷ ልጄ ናት" ብለውታል። ቤቱ የሳቸው፣ ቃሉ የሳቸው ነው። ቤቱን ይዞ እሷን የሚያስወጣበት መንገድ ሲያጣ፣ አባቱን በሚስቱ እጅ ለማስገደል፣ ሚስቱንም በአባቱ ደም ለማሳሰር ማታ ማታ ዳዶውን ጥቂት በጥቂት አላላው።

"ታፍኜ ነበር" አለ። "በገዛ አባቴ ቤት እስረኛ ነበርኩ።"

አዋላጇ ቀረብ አለችው።

"ብትነግረኝ እኮ በእግሬ እሄድልህ ነበር" አለችው።



ስትለቀቅ የባሏ እናት ጣቢያው ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። ጠዋት ገዳይ ያሏት ሴት፣ በአንድ ቀን ባልም ልጅም አጡ። ነጠላቸው መሬት ይጎተታል።

ልታልፋቸው ፈለገች። በሌላ አቅጣጫ፣ ወደማታውቀው መንገድ መሄድ አማራት። አሮጊቷ ግን የሹራቧን እጅጌ ያዙ። ይቅርታ አላሉም።

"እማማ፣ ይልቀቁኝ።"

ጭራሽ ጠበቅ አደረጉት።

አዋላጇ መንገዱን ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ ነጠላቸውን ከመሬት አንስታ ትከሻቸው ላይ መለሰችላቸው። ክንዳቸውን ደግፋ ወደዚያው ቤት መራቻቸው። ሁለቱም ሌላ መሄጃ አልነበራቸውም።