እርስዎ ይሉኛል

«ትከሻው ሰፍቶኛል» አለ ወንድሟ፣ መስታወቱ ፊት ወደ ጎን ዞር ብሎ። «እታች ልብስ ሰፊው ጋ ወስደሽ አስጠብቢልኝ፤ ለነገ እፈልገዋለሁ። ስብሰባ አለን።»

ሚጣ ጥቁሩን ጃኬት ተቀበለችው። ደረቱ ላይ ወንድሟ በቅርቡ የገባበት ማኅበር ምልክት ተሰፍቶበታል።

ወንድሟ ከሴራሚክ ፋብሪካው ከተቀነሰ ስምንት ወሩ ነው። በተቀነሰ ዕለት «የአሥር ሰው ሥራ የሚሠራ ማሽን መጣ» ብሎ የነገራቸው ራሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማመልከቻ ያላስገባበት መሥሪያ ቤት የለም። የእጅ ጽሑፉ ሲያዩት የታተመ ይመስላል፤ ማመልከቻዎቹን ግን ማን እንዳነበባቸው እንጃ። አባታቸው የአውቶብስ ሹፌር ነው። ከሥራ ሲገባ «አንተ፣ ዛሬም ሶፋውን ስታሞቅ ዋልክ?» ይለዋል። መጀመሪያ ላይ ቀልድ ነበር። እየቆየ ሲሄድ የሚስቅ ጠፋ።

«ማኅበሩ ቤት ስገባ ከወንበራቸው ይነሣሉ» አላት ወንድሟ። «እርስዎ ይሉኛል፣ ታምኛለሽ? ‹እርስዎ እዚህ ይቀመጡ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?› ሥራችንን የወሰዱብን መጤዎቹ መሆናቸውም የገባኝ እዚያ ነው።»

«ማሽኑስ?»

ወደ መስታወቱ ዞረ።

«ማሽን ምን ይደረጋል? ብትሰድቢው አይሰማ።»

ሚጣ ልትስቅ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። እውነቱን ለመናገር ደስም ብሏታል። ስምንት ወር ሙሉ አንገቱን ደፍቶ የከረመ ወንድም ቀና ብሎ ሲሄድ ማየት ደስ ይላል።

ልብስ ሰፊው ከድንበር ማዶ የመጡት እሷ ሳትወለድ ነው። ቋንቋውን የለመዱት ደንበኛ እያስተናገዱ ስለሆነ አንተና አንቺ የሚባል ነገር አያውቁም፤ ሕፃኑንም ድመቷንም እርስዎ ይላሉ። ወንድሟ በሰባት ዓመቱ የተቀደደ ሱሪ ይዞ ሲመጣ «እርስዎ ዛሬ ከየትኛው ዛፍ ወደቁ?» ይሉት ነበር። ልጆቹ ሁሉ በሳቅ ይሞታሉ።

ሚጣ ጃኬቱን ይዛ ሱቁ ስትገባ «ትንሿ እመቤት፣ እርስዎ ይቀመጡ» አሏት። እንደ ልማዳቸው የጃኬቱን ኪሶች ባዶ አደረጉ። እስክሪብቶ፣ የአውቶብስ ቲኬት፣ የታጠፈ ወረቀት። ወረቀቱን ገልጠው ወደ መነጽራቸው አስጠጉት። ጽሑፉን አያነቡም፤ የሚያውቁት ቁጥር ብቻ ነው፣ ለልኬት የሚበቃቸውን ያህል።

«ይሄ 14 የእኔ ሱቅ ቁጥር አይደለም? ምን ይላል?»

ሚጣ ተቀበለቻቸው። የወንድሟ ጽሑፍ ነው፤ አንድ ፊደል እንኳ አልተዛነፈም።

«ሐሙስ፣ አሥር ሰዓት። የሚቃጠሉ፦ ቁጥር 9፣ ዳቦ ቤቱ። ቁጥር 14፣ ልብስ ሰፊው። ሰዎቹ እስኪወጡ አይጠበቅም።»

ሐሙስ ነገ ነው። የጨርቅ ትእዛዝ ነው ብትላቸው ያምኗታል። ባለፈው ወር ከማኅበሩ ወሬ ያወጣ አንድ ልጅ ቤቱ የገባው ክንዱ ተሰብሮ ነው። ይሄ ወረቀት ከወጣ ደግሞ ጽሑፉ የማን እንደሆነ የሚጠፋው የለም። ወንድሟን ወይ ማኅበሩ ይሰብረዋል፣ ወይ ፖሊስ ይወስደዋል።

ልብስ ሰፊው ጃኬቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ትከሻው ላይ ስፒል መሰካት ጀምረዋል።

«ወንድምዎ አድገዋል» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ብዙ አላጠብበውም። ገና ይሞሉታል።»

ወንድሟን መጀመሪያ እርስዎ ያሉት እኚህ ሰው ነበሩ።

ተነሥታ የሱቁን በር ከውስጥ ዘጋችው።

«ጋሼ፣ ስፒሉን ያስቀምጡት» አለች። «ላንብብልዎት።»