የማታው ጭማቂ

የካሲያኖ ሬሳ በወንድሙ ቤት፣ ግድግዳው በሲሚንቶ በተለሰነው ክፍል ውስጥ ተጋድሟል። ሳጅን ዜኖቢያ አንሶላውን ገልጣ ፊቱን አየችው። የዓይኑ ቆቦች አብጠው ዓይኖቹን ደፍነዋቸዋል፤ እግሮቹም እንደዚያው አብጠዋል። በቅርቡ ከአርጀንቲና ሲመለስ በሬ የሚጥል ጎልማሳ ነበር ይላሉ። ትኩሳት ከያዘው ወዲህ ግን በየቀኑ እየደከመ ሄዶ፣ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ልቡ ቀጥ አለ።

«መርዝ ነው» አለ ታናሽ ወንድሙ ፕሪሚቲቮ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ። «ማን እንደሰጠችውም አገር ያውቃል።»

«አገር ያወቀውን እኔም ልወቀው እንጂ።»

«ሩፔርታ ናታ!» አለች የፕሪሚቲቮ ሚስት አናክሌታ ከበሩ ላይ። «ማታ ማታ የሸንኮራ ጭማቂ ታጠጣው ነበር። ድሮ ልጇን ኤልቪራን ይዞባት ጠፍቷል፤ ልጅቱም እዚያው ሰው አገር በልብ በሽታ ሞተች። አሮጊቷ ይህን ሁሉ ዓመት ቂሟን ስታበስል ነው የኖረችው።»

ደጅ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች አጉረመረሙ። በዚህ በቻኮ ደረቅ ቆላ እንዳሉት መንደሮች ሁሉ የዚህም ግማሽ ሕዝብ ሥራ ፍለጋ ተሰዷል፤ የቀረው ደግሞ እርስ በርሱ በጥርጣሬ እየተያየ ይኖራል። «ሳጅን፣ ዛሬ ካልወሰዷት እኛው ከመንደር እናወጣታለን» አለ አንዱ። የት እንደምትሄድ ግን ማንም አልተናገረም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች ዜኖቢያ። « ቪንቹካ ብትሆንስ?»

ሳቁ። ቪንቹካ በዚያ አገር በጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ ተደብቃ፣ ማታ የተኛ ሰው ደም የምትመጥ ተባይ ናት። በኩሷ የምታጋባው በሽታ ልብን ቀስ እያለ ይበላል። ዜኖቢያ ራሷ ባሏን የቀበረችው በዚሁ በሽታ ነው። ዓመታት አስታማዋለች፤ ከዚያ ወዲህ ምሳዋንም ራቷንም ብቻዋን ትበላለች።

«ቪንቹካን ለእኛ ሊነግሩን ነው?» አለ ፕሪሚቲቮ። «እሷ ሃያ ዓመት ቆይታ ነው የምትገድለው። ደግሞስ ቤታችን ሁሉ ተለስኖ መድኃኒት ተረጭቷል። ወንድሜም ቢሆን ፋብሪካ ሲገባ ደሙን አይተው ንጹሕ ነህ ብለውታል፤ በዚያ ሲፎክር ነው የከረመ።»

ዜኖቢያ አንሶላውን በሬሳው ፊት ላይ መለሰች። እሷም ብትሆን በሽታውን የምታውቀው ሲያዘግም ነው።

እማማ ሩፔርታ ከሸንኮራ መጭመቂያቸው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የሰሜኑ ነፋስ እንደ ምድጃ ይጋረፋል፤ እሳቸው ግን ብርድ ልብስ ተከናንበዋል። መጭመቂያው ካሲያኖ ከአባቱ በወረሰው አሮጌ ጭቃ ቤት ግድግዳ ስር የቆመ ነው። ከምሰሶው ላይ ፋኖስ ተንጠልጥሏል።

«እስር ቤት ነው ልጄ?» አሉ አሮጊቷ።

«ገና ነው እማማ። ጭማቂ አጠጥተውታል?»

«አጠጣሁት። ቀን ቀን መንደሩ ሁሉ ከእጄ ይጠጣል፤ አፉን ጠርጎ ያማኛል። ማታ የሚመጣው ግን እሱ ብቻ ነበር። እዚሁ ጨምቄ ከአንድ ጣሳ እንጠጣለን።»

«ምን ትጫወቱ ነበር?»

እማማ ሩፔርታ ብርድ ልብሳቸውን ሳብ አድርገው ተከናነቡ። «እሱ የኔ ጉዳይ ነው» አሉ። ሌላ መርማሪ ቢሆን ለዚህች መልስ ብቻ ካቴናውን ባወጣ ነበር።

ዜኖቢያ ግንባራቸውን ዳሰሰች፤ እሳት ነው። አንደኛው ዓይናቸውም አብጧል። «ከመቼ ወዲህ ነው የሚያተኩስዎ?»

«እሱ ከተኛ ወዲህ። አናክሌታ ‹ታስመስላለች› ትላለች። እነሱ ምን የማይሉት አለ! ገና ሳልታመም ጤና ጣቢያው ደሜን አይቶ ንጹሕ ነሽ ሲለኝ ‹ቪንቹካ እንኳ ንቃታለች› ብለው ስቀውብኛል።» እሳቸውም ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረባቸው።

ዜኖቢያ ወደ መጭመቂያው ዞራ የሸንኮራውን ገለባ በእንጨት ትገላብጥ ጀመር። ከሥሩ አንድ ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ ቢጫ ዝንጉርጉር የሆነ ነገር አንስታ በመሐረቧ ጠቀለለች። ከዚያ የጤና ጣቢያውን ነርስ ኢላሪዮንን አስጠርታ፣ ከአሮጊቷ ጣት ደም እንዲወስድና በአጉሊ መነጽሩ እንዲያይ ላከችው። እሷ ደግሞ ወደ አሮጌው ቤት ሄደች። በሩ ተቆልፏል።

«ቁልፉስ?» አለችው ተከትሏት የመጣውን ፕሪሚቲቮን።

«ወንድሜ አርጀንቲና ይዞት ሄዶ እዚያው ጠፋው። መድኃኒት ረጪዎቹ ሲመጡም ይህንኑ ነግሬአቸዋለሁ። ባዶ ቤት ነው፤ ምን ይረጫል?»

ዜኖቢያ ጣቷን ወደ ቁልፉ ቀዳዳ ሰደደች። ዘይት ነካት። ጣቷን ጠርጋ ወደ አናክሌታ ግቢ ተሻገረች። አዲስ የዶሮ ቤት ቆሟል፤ የተሠራበት ቅርንጫፍ ቅጠሉ ገና አልረገፈም።

«ዶሮዎችሽ ያምራሉ።»

«ምን ያምራሉ ሳጅን! ከተዛወሩ ወዲህ አንድ እንቁላል አልጣሉ።»

«ከየት ነው የተዛወሩት?»

አናክሌታ ባሏን አየች። ባሏ ባርኔጣውን አየ።

ኢላሪዮን ከሰዓት በኋላ እየሮጠ ሲመለስ፣ ዜኖቢያ መንደርተኛውን ሁሉ መጭመቂያው ዙሪያ ሰበሰበች። እማማ ሩፔርታ ከድንጋያቸው አልተነሡም። ከአጠገባቸው የቆመ ሰውም የለም።

«ቀን የጠጣችሁ ሁሉ ደህና ናችሁ» ብላ ጀመረች። «ማታ የጠጡት ሁለቱ ግን ታመሙ፤ አንዱ ሞተ። መርዝ ቢሆን ኖሮ እማማ ከዚያው ጣሳ አይጠጡም ነበር። ማስመሰል ነው እንዳትሉም ትኩሳቱን በእጄ ነክቼዋለሁ። ሸንኮራው ያው ነው፤ እጁም ያው ነው። ማታ የተጨመረ ምን አለ?»

ሁሉም ዞር ዞር ብለው አዩ። «ፋኖሱ» አለች አንዲት ሴት።

«ፋኖሱ! ብርሃን ማንን ይጠራል?» መሐረቧን ፈታች። አንገታቸውን አሰገጉ፤ ያንን ቢጫ ዝንጉርጉር ጠርዝ የማያውቅ ሰው በመካከላቸው አልነበረም። «ከገለባው ውስጥ ነው ያገኘኋት። የጠገበች ቪንቹካ ከግድግዳዋ ንቅንቅ አትልም። የራባት ግን ነፋሱ ሲሞቅ ትበራለች። እንግዲህ የራባት ከየት መጣች? ፕሪሚቲቮ፣ ቁልፉን አምጣ።»

«ጠፍቷል አልኩዎት እኮ...»

«ቁልፉ የጠፋ በር ዘይት አይጠጣም።»

ፕሪሚቲቮ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። በሩ ሲከፈት የዶሮ ኩስ ሽታ ወጣ። ቆጦቹ እንደተሰቀሉ ናቸው፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ቀለም የፈሰሰበት ይመስል በቪንቹካ ኩስ ተዥጎርጉሯል።

«ዶሮ አሳድርበት ነበር» አለ በሰለለ ድምፅ። «ለረጪዎቹ ከከፈትኩ የወንድሜን ቤት ዶሮ ማደሪያ ማድረጌ ወሬ ሆኖ ይደርሰዋል ብዬ ፈራሁ። እመጣለሁ ሲለኝ ጊዜ ዶሮዎቹን አስወጣኋቸው።»

«ያኔ በዶሮዎቹ ደም የኖረው የግድግዳው ተባይ ሁሉ ተራበ። ወደ ፋኖሱ በረረ፤ ከሸንኮራው ጋር ተጨመቀ።»

«ቪንቹካ ግን እንዲህ ፈጥና አትገድልም!» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ስትነክስ ነው የምትዘገየው» አለ ኢላሪዮን። «በመጠጥ ስትገባ ግን በሽታው በብዛት ስለሚገባ ልብን ባንዴ ይመታል። እኔም ተማርኩት እንጂ አይቼው አላውቅም ነበር። አሁን በእማማ ደም ውስጥ ሲተራመስ አየሁት። ዛሬ ሆስፒታል ከገቡና መድኃኒቱን ከጀመሩ ይድናሉ።»

ፕሪሚቲቮ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ታስሪኛለሽ?» አለ፤ አክብሮቱ ሁሉ ከአንደበቱ ጠፍቶ።

«ያየሁትን ለአለቆቼ እናገራለሁ። ወንድምህን ቅበር፤ ይህንንም ቤት ዛሬውኑ አስረጭ።»

ከዚህ ሁሉ በኋላ እማማ ሩፔርታ ተናገሩ። «ፋኖሱን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ጨለመ ብሎ እንዳይሄድብኝ ነው። በየማታው ስለ ኤልቪራ ያጫውተኝ ነበር። ባቡር ላይ ጫማዋን አውልቃ እንደምትተኛ፣ በረዶ ስታይ እንዴት እንደጮኸች... ጭማቂው ካላለቀ አይነሣም። ስለዚህ ደግሜ እጨምቃለሁ።» በብርድ ልብሳቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። «ተዪኝ ልጄ። ገደልኩት። እኔም ልሙት።»

ሲሰድቧቸው የዋሉት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ፤ አናክሌታ ታለቅስ ጀመር። እጁን የዘረጋ ግን አልነበረም። ዜኖቢያ ተናደደች፤ ከንዴቷም በላይ አዘነች። ከአሮጊቷ ፊት ተንበረከከች።

«እማማ፣ ካሲያኖ የነገረዎትን ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ?»

«የለም።»

«እርስዎ ከሞቱ ኤልቪራ ባቡሩ ላይ እንዴት እንደተኛች ማን ያውቃል?»

እማማ ሩፔርታ ብርድ ልብሱን ከፊታቸው ገለጡ። ሰዎቹን አንድ በአንድ አዩአቸው። ከዚያ የዜኖቢያን ክንድ ይዘው ተነሡ።

መኪናው መንደሩን እንደለቀቀ ትኩሳቱ ያንቀጠቅጣቸው ጀመር፤ ሆኖም ወደ ዜኖቢያ ዞሩ።

«ኤልቪራ ምግብ ስትሠራ ትዘፍን ነበር ብሎኛል፤ ያውም ዜማው ጠፍቶባት። ልንገርሽ?»

ለራት ማንም የማይጠብቃት ሳጅን መኪናውን ቀስ አደረገች።

«ይንገሩኝ እማማ» አለች። «መንገዱ ሩቅ ነው።»