ከሌለ ዲስክ የተነሳው የዳናይት ማሽን

ሐራ ገበያ ላይ ግመል አማርኛ ስታወራ ሰማሁ ብዬ የማልኩላችሁ ይታገሱ እኔ ነኝ። አዎ፣ ያኛው ውሸት ነበር።

ይሄኛው ግን የሆነ ነገር ነው። ከእኔ ሌላ ሁለት ሰው አይቶታል። ውሸት በሆነ ብሎ ከእኔ በላይ የሚመኝም የለም...

ጥቅምት 2014 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ወልድያ፣ የጋሽ ሀጎስ ሳሎን።

ጠራራ ፀሐይ ነበር። አስፈሪ ነገር ጨለማ ጠብቆ የሚመጣ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል።

ከተማዋ በጦርነቱ ከተያዘች ሁለት ወር አልፏታል። መብራት የለም። ስልክ የለም። መንገዱ ዝግ ነው። ሞባይል ከምጠግንባት ሱቄ የተረፈችኝ አንዲት ሶላር ብቻ ናት። እሷን ተሸክሜ ጎረቤቴ ጋሽ ሀጎስ ግቢ ገባሁ።

ጋሽ ሀጎስ አዲስ አበባ ውስጥ ክፍል የሚያህል የድሮ ኮምፒውተር ሲያንቀሳቅሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ያ ግዙፍ ማሽን ዛሬ የለም። እሳቸው ግን ላፕቶፓቸው ላይ እሱን የሚያስመስል ፕሮግራም ጭነዋል፤ ኢሙሌተር ይሉታል። በውስጡ ቨርችዋል የሚሏቸው አካል የሌላቸው ትንንሽ ማሽኖች አሉ፣ አንድ ግቢ ውስጥ እንደተከራዩ ደባሎች። እያንዳንዱ ማሽን ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ በቁጥር ይነገረዋል። ቁጥሩ ከተሳሳተ አይነሳም። አለቀ።

ከስምንተኛ ክፍል የተባረርኩት እኔ እንኳ በሳምንት ገባኝ።

ከማሽኖቹ አንዱ የልጃቸው የዳናይት ነው። የዕለት ማስታወሻዋን የምትጽፍበት። ዲስኩ ያለው ፍላሽ ላይ ነው፤ ቁጥሩ 195።

ነሐሴ ላይ ሕዝቡ በእግሩ ወደ መርሳ ሲሸሽ፣ ዳናይት ፍላሹን ይዛ ከሰው ጋር ወጣች። እናቷ እትዬ ሃረገወይን እግራቸውን ያማቸዋል። ጋሽ ሀጎስም እሳቸውን ትተው አይሄዱም። ሁለቱ ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ የልጅቷ ድምፅ የለም።

ጋሽ ሀጎስ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሶላሯ ስትጠግብ፣ የልጃቸውን ማሽን ያስነሳሉ። በየቀኑም «ዲስክ 195 አልተገኘም» ይላል። እትዬ ሃረገወይን ከኋላ ቆመው ስክሪኑን ያነባሉ።

ከዚያ እትዬ ምሳ መብላት ተዉ። ቀጥሎ ራት። ቀጥሎ የጣታቸው ቀለበት በራሱ እየወለቀ መውደቅ ጀመረ።

እኔ ደግሞ ሳላታልል ውዬ አላድርም።

አንድ ቀን ጋሽ ሀጎስ ውሃ ፍለጋ ሲወጡ ትንሽ የውሸት ዲስክ ሠራሁ። ቁጥሯ 300። የዳናይትን ማሽን «ከ300 ተነሳ» ብዬ አዘዝኩት። ስምንት ሰዓት ሲሆን ስክሪኑ ላይ እንዲህ የሚል ወጣ፦

«እማዬ፣ መርሳ በሰላም ገብቻለሁ። አታስቢ። ምግብ ብይ።»

እትዬ ሃረገወይን እልል አሉ።

«ያለ ኔትወርክ እንዴት መጣ ልጄ?»

«የድሮ ማሽን እኮ ነው እትዬ! በባቡሩ ሀዲድ ብረት ለብረት እየተንሸራተተ ይመጣል።»

አመኑኝ። በሉም።

ጋሽ ሀጎስ ግን ክንዴን ይዘው ወደ ጓሮ ጎተቱኝ። አለቀልኝ አልኩ።

«አንተ ወስላታ!»

«ጋሽ ሀጎስ፣ ይቅር ይበሉኝ...»

«ዝም በል። አርባ ዓመት ማሽን ያስነሳሁ ሰው ነኝ። 300ን አይቻታለሁ።»

ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ነገ... ውጫሌ አድርሳት።»

አደረስኳት። በማግስቱ ሐይቅ። ከዚያ ደሴ። በየቀኑ አንድ ከተማ፣ በየቀኑ ጥቂት ጉርሻ። ልጅቷን በውሸት መንገድ እያስኬድን እናቷን በሕይወት አቆየን።

መጀመሪያ ባነሳሁት የጥቅምት ቀን ኮምቦልቻ ልናስገባት ነበር። ጽፌ ጨርሻለሁ። ጋሽ ሀጎስ አስነሱት።

ስክሪኑ ጠቆረ... ከወትሮው ቆየ...

«ከዲስክ 195 በመነሳት ላይ።»

ላፕቶፑን አንስቼ ዙሪያውን አየሁት። ምንም ፍላሽ አልተሰካም። ቀዳዳዎቹ ባዶ ናቸው።

«ቁጥሩን ነክተሃል?» አሉ ጋሽ ሀጎስ በሹክሹክታ።

«አልነካሁም።»

«ይታገሱ... ዛሬ አትቀልድብኝ።»

«እናቴ ትሙት!»

ከዚያ ፊደሎቹ መጡ። እኔ የጻፍኩት ሁልጊዜ ባንዴ ድቅን ይላል። ይሄ ግን አንድ ፊደል... ቆም... ሌላ ፊደል... ጣቱ የደነዘዘ ሰው የሚጽፍ ይመስል ነበር።

«አደይ።»

«ከሲሪንቃ አላለፍኩም።»

ሲሪንቃ ከወልድያ ወጥተህ መርሳ ሳትደርስ ናት። እኛ ስሟን እንኳ ሳናነሳ ነው ልጅቷን ያሻገርናት።

ስክሪኑን በሁለት እጄ ሸፈንኩት። «ተበላሽቶ ነው እትዬ! ቆይ፣ አሁን ከ300...»

«ተው ልጄ።»

እትዬ ሃረገወይን እጄን ከስክሪኑ ላይ አነሱት።

«ዳናይት አንድ ቀን እማዬ ብላኝ አታውቅም። እኔን በትግርኛ አደይ ነው የምትለኝ።»

ጋሽ ሀጎስ ቀስ ብለው ዞሩ። «ሃረግ... ታውቂ ነበር?»

«ከመጀመሪያዋ ቀን።»

«ታዲያ ለምን በላሽ?»

«አንተ እንድትበላ ነዋ! እኔ ካልቀመስኩ መቼ ትቀምስ ነበር?»

ጋሽ ሀጎስ እጃቸውን ዘርግተው የሚስታቸውን እጅ ያዙ።

ስክሪኑ ላይ ሌላ መስመር መጣ...

«አደይ፣ በረደኝ።»

300 ብዬ መታሁ። 195 አለኝ። እንደገና 300። እንደገና 195።

«አጥፋው» አሉ ጋሽ ሀጎስ። እኔን አልጠበቁም፤ የሶላሩን ሽቦ ራሳቸው መዘዙት።

የዚያ ላፕቶፕ ባትሪ ከሞተ ዓመት አልፎታል። ያለ ሽቦ አንዲት ሰከንድ አይቆይም።

ቆየ።

አንድ ደቂቃ... ሁለት... ብርሃኑ ንቅንቅ አላለም።

እትዬ ሃረገወይን ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። አጥፈው ላፕቶፑ ላይ አለበሱት፣ ጠርዙንም ዙሪያውን ወተፉለት። በርጩማ ስበው ተቀመጡና እጃቸውን አሳረፉበት።

«እትዬ...» አልኩ።

«ሽሽ... አትጩህ። ደክሟታል።»

ቀስ እያሉ መታ... መታ... ያደርጉት ጀመር። ጋሽ ሀጎስ ከጎናቸው መሬት ላይ ተቀመጡ።

በሩ ዝግ ነው። መስኮቱ ዝግ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ሽው የሚል ነፋስ የለም።

ነጠላው ግን ከእጃቸው ሥር... ከፍ... ዝቅ... ከፍ... ዝቅ ይል ነበር።