«አንቺ» እስኪለኝ

ያንን የድሮ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ልናይ ከእህቴ ጋር ስንሄድ ስለ ደረጃው የነገረን ሰው አልነበረም። ከትልቁ በር ፊት የድንጋይ ደረጃ ተደርድሯል፤ እኔ ደግሞ ዊልቸር ላይ ነኝ። ዘበኛው አየት አደረገኝና «ከውጭም ያምራል» አለ።

ይህን የሰማ አንድ አናጢ ከጎን በር ብቅ አለ። ያረጁትን አግዳሚ ወንበሮች ሊጠግን የተቀጠረ ወጣት ነበር። ወፍራም ሳንቃ አምጥቶ በጎን በሩ ደፍ ላይ ዘረጋ፤ በእግሩ ረግጦ ሞከረውና ወደ እኔ ዞሮ «ልግፋዎት?» አለኝ። እህቴን ግን «አንቺ፣ በሩን ያዢልኝ» አላት።

እሷ እኮ ታላቄ ናት፤ በዕድሜም በቁጣም።

ውስጡ ቀዝቀዝ ያለ ነበር። በባለ ቀለሙ መስታወት የገባው ብርሃን ጉልበቴ ላይ አረፈ። ቀና ስል እሱም እያየኝ ነበር፤ ሁለታችንም ቶሎ ዓይናችንን መለስን።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ «መስኮቶቹን ላይ ነው» እያልኩ እሄድ ጀመር። እናቴ፣ መስኮት ታይቶ አያልቅም ወይ ብላ ትገረማለች፤ እህቴ ሳቋን በመዳፏ ታፍናለች። እሱ ሳንቃውን ዘርግቶ ይጠብቀኛል። ስለ እንጨት ያወራኛል፣ ስለ እናቱ ያወራኛል፤ አንድ ጊዜም ጸጉሬ ላይ ያረፈ የእንጨት ፍቅፋቂ ቀስ ብሎ አንስቶልኛል። አጠራሩ ግን ሁልጊዜ «እርስዎ» ነው። በሽተኛ እንደሚከበር የሚያከብረኝ መሰለኝ። እኔ ወደድኩት፣ እሱ አከበረኝ፤ ከዚህ የባሰ ምን አለ?

አንድ ቅዳሜ ሥራው ማለቁን፣ ሌላ ከተማ ለሌላ ቤተ ክርስቲያን መቀጠሩን ነገረኝ። በመጨረሻ አላስችል አለኝ።

«ለእህቴ አንቺ፣ ለእኔ እርስዎ። ይሄን ያህል አርጅቼብሃለሁ?»

መዶሻውን አስቀመጠ።

«እህትሽማ ለእኔም እህት ናት» አለ። «አንቺን ግን... አንቺ ማለት ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም ብዬ ፈራሁ።»

ምን እንዳለ የገባው ከተናገረ በኋላ ነው። አፍሮ አቀረቀረ። እኔም እንባዬ መጣ።

«ጠብቂኝ» አለኝ።

«አልጠብቅህም።»

ፊቱ ክው አለ። እጁን ያዝኩት፤ ሻካራና ሞቃት ነበር።

«ስጠብቅህ ነው የከረምኩት» አልኩት። «አሁን የምትሄድበትን ንገረኝ፤ እኔ እመጣለሁ።»