ምንም አላልኩም

«ሀፍሷ፣ ቆይ ስሚኝ! እኔ እኮ ምንም አላልኩም! ‹እሷ ናት› አላልኩም!»

መቅደላዊት ከትምህርት ቤቱ በር ጀምራ ዱባይ ተራ ድረስ ይህንኑ እየደጋገመች ከኋላ ከኋላ ተከተለቻት። ሀፍሷ ዞራ እንኳ አላየቻትም። ምን ብላ ትመልስላት? ያቃጠላት እሱው ራሱ ነው፤ ምንም አለማለቷ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዘጠነኛ ክፍል የፊዚክስ ማጠቃለያ ፈተና ላይ ጥፍር የምታክል የአጤሬራ ወረቀት ከመቅዲ እጅጌ ሾልካ ሀፍሷ ጫማ ሥር አረፈች። ቲቸር ኃይለልዑል ጎንበስ ብለው አነሷት። «የማን ናት?» አሉ። ሀፍሷ ወደ መቅዲ ዞረች። መቅዲ ቀና ሳትል የጻፈችውን መልሳ መላልሳ አደመቀችው። ሀፍሷ ደግሞ ጓደኛ አሳልፋ መስጠት አልሆንልሽ አላት። በቃ፣ ወረቀቷ ተነጥቆ ዜሮ ተሰጣት። ከአንደኛ ወርዳ የማታውቅ ልጅ በክፍሉ ሁሉ ፊት «ኮራጅ» ተብላ ወላጅ አምጪ ተባለች።

አባቷ ሽኩር የሚሸጣቸውን ጫማዎች እየወለወለ ሰማት። ሰምቶ ሲጨርስ «አንቺ ነሽ?» አላት።

«ወላሂ አይደለሁም!»

«እንግዲያው ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ። ዝም አይነቅዝም። እውነት ከሆነ ቀኑን ጠብቆ ይወጣል።»

አይ አባቷ! ቢሰድቡት ሰብር፣ ቢገፉት ሰብር። ያደገበት አገር ሽማግሌዎች ለነገር የማይቸኩል ሰው ነው የሚያከብሩት፤ እሱም ያንን ይዞ መርካቶ ገባ፤ እስካሁንም አልለቀቀውም። ሀፍሷ ግን እዚሁ የተወለደች የመርካቶ ልጅ ናት። ለመቅዲ የእጇን ሳትሰጣት እንደማይበርድላት ታውቃለች፤ እንዴት እንደምትሰጣት ብቻ ነበር ያላወቀችው።

መከራው ደግሞ፣ የእነ መቅዲ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ከእነሱ ጫማ ሱቅ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው። የመቅዲ አባት ጋሽ ኪዳነወልድና ሽኩር ሳይወለዱ ወንድማማች የሆኑ ሰዎች ናቸው። እዚያ ሰፈር ለአፍታ ወጣ የሚል ነጋዴ ሱቁን አይዘጋም። በሩ ላይ እንጨት አጋድሞ ይሄዳል። እንጨቱ ከተጋደመ ሱቁ የጎረቤት ነው፤ ገዢ ቢመጣ ጎረቤት ይሸጣል፣ ዝናብ ቢመጣ ጎረቤት ላስቲኩን ይዘረጋል። ሽኩር መስጊድ ሲሄድ ጋሽ ኪዳነወልድ ያያሉ፤ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሽኩር ያያል። ማንም ማንንም ለምኖ አያውቅም።

በማግስቱ ከሰዓት ሽኩር ለዐስር ሶላት ወጥቶ ሀፍሷ ብቻዋን ተቀምጣ ሳለ፣ ጋሽ ኪዳነወልድ ነጠላቸውን እያጣፉ ብቅ አሉ። ጨርቅ የሚለኩበትን የእንጨት ሜትር በራቸው ላይ አጋደሙ።

«ሀፍሷዬ፣ ተክለሃይማኖት ለቅሶ ደርሼ መጣሁ።»

«እሺ ጋሼ።»

ሄድ ካሉ በኋላ እንደገና ተመለሱ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የፈተናውን ነገር ሰማሁ» አሏት። «አይዞሽ፣ ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም። ሁለተኛ እንዳይለምድሽ እንጂ።» ጭንቅላቷን ዳበስ አድርገዋት ሄዱ።

ሀፍሷ ደሟ ፈላ። መቅዲ እቤቷም ምንም አላለችማ! አባቷ ኮራጇ ሀፍሷ ናት ሲሉ ሰምታ እራቷን በልታ ተኛች ማለት ነው! ቆይ ብቻ፣ አለች ሀፍሷ በሆዷ። ቆይ ብቻ።

ብዙም አልቆየም። የሰኔ ሰማይ አይታመን፤ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል ጠቁሮ መጣና ቆርቆሮውን መታው። መንገዱ በሩጫ ተተራመሰ። ሀፍሷ ተነስታ የራሳቸውን ላስቲክ አወረደች። ከዚያ የጎረቤቱን ገመድ አየችው። ከእጇ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው። ሳብ ቢያደርጉት ላስቲኩ ተዘርግቶ በረንዳው ላይ የቆሙትን የጨርቅ ጣቃዎች ይሸፍናቸዋል።

ተመልሳ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። እጇን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

ምን አደረገች? አልሰረቀች፣ አልቀደደች። ዝናቡን ያመጣው ፈጣሪ ነው። እሷ ምንም አላደረገችም። ልክ እንደ መቅዲ፣ ምንም!

ውሃው መጀመሪያ ቀዩን ጣቃ አገኘው። ቀለሙ እየለቀቀ አጠገቡ ወደቆመው ነጭ ወረደ። ሀፍሷ እያየችው ደስ አላት። እውነቱ ይነገር ከተባለ በጣም ደስ አላት፤ ከትናንት ጀምሮ ደረቷ ላይ የቆመው ነገር ቀለል አለላት። አንድ ወዛደር በሩጫ ሲያልፍ «አንቺ ልጅ፣ ጨርቁ አለቀ እኮ! ታውረሻል እንዴ?» ብሎ ጮኸባት። እንዳልሰማች ሆነች።

በዚህ መሃል መቅዲ ቦርሳዋን አናቷ ላይ አድርጋ እየሮጠች ከማዕዘኑ ብቅ አለች።

«ሀፍሷ! ገመዱን! ገመዱን ሳቢው!»

ሀፍሷ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ዓይን ዓይኗን አየቻት። «እኔ እኮ ምንም አላደረግኩም» አለቻት።

መቅዲ እዝናቡ መሃል ቆመች። ፊቷ አመድ መሰለ። ገብቷታል። ገመዱ ላይ ተንጠለጠለች፤ ላስቲኩ ግን ግማሽ መንገድ ወርዶ ተያዘና ውሃ ቋጠረ። ከጣቃዎቹ በላይ ሆዱ ተነፍቶ ተንዘረጠጠ። አንዱ ገመዱን ይዞ ሌላው ከሥር በእንጨት ካልገፋው ውሃው አይፈስም። መቅዲ ብቻዋን ናት። ገመዱን ከለቀቀች ሁሉም ይወርዳል።

እርጂኝ አላለችም። በሩ ላይ ወደተጋደመው ሜትር ብቻ አየች። ሀፍሷም አየችው።

ያ ሜትር አንድ ጊዜ ተሰብሮ ነበር። የጠገነው አባቷ ነው፤ በጫማ ቆዳ ጠቅልሎ፣ በጫማ ሚስማር መትቶ። ጋሽ ኪዳነወልድ ዛሬ ያጋደሙት መቅዲን ብለው አይደለም፤ እሷን አምነው ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላሉ እሳቸው ሁልጊዜ። ሀፍሷ ጥርሷን ነከሰች። ሰብር ያለው አባቷ ይህንን ቢያይ ሰብር ነው ይለው ነበር? አይለውም! ምን እንደሚለው ታውቃለች፤ ‹አደራ በላ› የሚለውን ስም ደግሞ ለራሷ መስጠት አልፈለገችም።

«አቦ!» ብላ ተነሳች። ሜትሩን ነጥቃ ላስቲኩን ከሥር ገፋችው። «ወላሂ ላንቺ ብዬ አይደለም! እሺ?» ውሃው ተገለበጠና መቅዲ አናት ላይ ቷ ብሎ ወረደ። ሀፍሷ ይህኛው አልቆጫትም።

«ይቅርታ» አለች መቅዲ ውሃው ከአፍንጫዋ እየተንጠባጠበ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ይቅርታሽን ለራስሽ። ትናንት ቲቸር ፊት ነበር የምትናገሪው።»

ሁለቱም የረጠቡትን ጣቃዎች ወደ ውስጥ አስገቡ። ነጩ ከላይ እስከ ታች ቀልቷል፤ ሌሎቹ ተርፈዋል።

ጋሽ ኪዳነወልድ ነጠላቸው ሰውነታቸው ላይ ተጣብቆ ሮጠው ደረሱ። በመጀመሪያ ጨርቁን አዩ። ከዚያ ሜትሩን በእጇ ይዛ የቆመችውን ሀፍሷን አዩ።

«ተባረኪ የኔ ልጅ! አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር? እደጊ፣ ተመንደጊ!» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺስ የት ተጎልተሽ ነው? የሰው ልጅ ንብረቴን ስታድን!»

ሀፍሷ መቅዲን ጠበቀቻት። አሁን ትናገራለች፤ ‹ተቀምጣ ስታይ ነበር› ትላለች። መቅዲ ከንፈሯን ነክሳ ወለሉን አየች። ምንም አላለችም።

የትናንቱ ዝምታ አቃጥሏት ነበር፤ የዛሬው ባሰ። አሁን ደግሞ ባለ ዕዳዋ ልታደርገኝ ነው! ተያይዘን ዝም ልንል ነው! ሀፍሷ ሜትሩን አጥብቃ ያዘችው።

«ጋሼ፣ አይመርቁኝ» አለች። «ቀዩ ነጩ ላይ ሲወርድ ቁጭ ብዬ አየው ነበር። ገመዱን መሳብ እየቻልኩ አልሳብኩም። ሆን ብዬ ነው።»

ጋሽ ኪዳነወልድ በቆሙበት ቀሩ። ጨርቁን አዩ፣ እሷን አዩ። «አንቺ? የሽኩር ልጅ?» አሉ ቀስ ብለው። «ለምን?»

ሀፍሷ ልትናገር አፏን ከፈተች። አጤሬራው፣ ቲቸር፣ ዜሮው፣ ሁሉም ምላሷ ላይ ነበር። ግን መልሳ ዋጠችው። ሜትሩን ሰጠቻቸውና በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። እጇን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

ከዚያ ዓይኗን መቅዲ ላይ ተክላ ጠበቀች።