ሁለት የጎደሉ ነጥቦች

የሥራ ባልደረባህ ሲሞገስ አንጀትህ ያረረበት ቀን የለም? አትዋሽ!

ምንተስኖት የላፕቶፑን ገመድ የቅየሳ ካልኩሌተሩ ላይ ሲሰካ አንጀቱ እያረረ ነበር።

ራቤል። የቀያሾች ቢሮ። ስድስት ሰዓት ተኩል። መሐንዲሱ አፈወርቅ ምሳ ወጥቷል። ካልኩሌተሩን ጠረጴዛው ላይ ጥሎት የሄደው ረስቶ አይደለም፤ ማን ይነካዋል ብሎ ንቆ ነው። ሜዳ ላይ የተለካው የጓሳ ግጦሽ እውነተኛ ወሰን ነጥብ በነጥብ ተመዝግቦ ያለው ደግሞ እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ቅየሳውን ያሠራው ድርጅት ቆርጦታል፤ ግጦሹ ውስጥ ያለውን የውሃ ምንጭ ለራሱ ሊያስቀር።

ምንተስኖት ሦስት ወር ሙሉ ረዳት ቀያሽ መስሎ ሠርቷል። የምስጢር ስሙ «ጭላዳ» ነው። በሩ ላይ የቆመችው ጸሐፊ ኮከቤ ደግሞ «ባና» ናት። እውነተኛውን ወሰን ለግጦሹ ባለመብቶች እንዲያወጡ ሁለቱንም የላካቸው አንድ አለቃ ነው። ባለፈው ተልእኮ ዓለም ከተማ ላይ እሱ ለፋ፤ እሷ ተመሰገነች። እግሩ እስኪላጥ መርሐቤቴን የዞረው ማን ነበር?

«ገባ?» አለች።

ካልኩሌተሩ ላይ 214 ነጥብ። ላፕቶፑ ላይ 212።

የካልኩሌተሩ ባትሪ ደክሟል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ መንገድ ላይ ቀርተዋል።

ምንጩን የሚከቡት ሁለቱ።

«አንተ! ገባ ወይ?»

«ገብቷል።»

ፍላሹን ሰጣት።

«ፊትህ ምነው? ሙገሳውን ለብቻዬ አልበላውም እኮ!» ብላ ሳቀችና ወጣች።

ባትሪ ቀየረ። እንደገና ላከ። 214። ፋይሉን በሌላ ስም ወደ ካልኩሌተሩ መለሰውና ነጥብ በነጥብ አመሳከረ። አንድም አልጎደለም። መጀመሪያም እንዲህ መደረግ ነበረበት። ያውቃል። ሙሉውን በሌላ ፍላሽ ቀዳ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የጓሳ ባለመብቶች ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰበሰቡ። ሣሩ የሚዘጋበትም የሚታጨድበትም ቀን የሚታወጀው እዚያ ነው፤ ክስም እዚያው ይሰማል። ኮከቤ በሕዝቡ መሀል አልፋ ፍላሹን ለሣሩ ጠባቂዎች አለቃ ለአቶ መርስዔ ኃዘን ሰጠች። ዓይን ሁሉ እሷ ላይ። እንደ ልማዷ!

ሁለተኛው ፍላሽ ግን ቀድሞ እጃቸው ገብቷል። ጋቢ የተከናነበ ሰው በሰላምታ መሀል አስጨብጧቸዋል።

ሁለቱም እዚያው በላፕቶፕ ተከፈቱ። ሽማግሌዎቹ የሚያውቁት ወሰን በሁለተኛው ላይ አንድ ሳይቀር ወጣ። ድርጅቱን ወክሎ የቀረበው አፈወርቅ የያዘውን ካርታ ጠቀለለ። ጓሳ ተረፈ።

አቶ መርስዔ ኃዘን ወደ ኮከቤ ዞሩ። «ልጄ፣ ያንቺው ላይ ምንጩን ምን ዋጠው? ማን ገዛሽ?»

«ከሃዲ!» አለ አንዱ። ሌላው ተቀበለው።

ምንተስኖት ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሳበ።

አንድ እርምጃ። ሌላ እርምጃ።

ድምጿ ከኋላው መጣ። አሁንም እንኳ እውነተኛ ስሙን አልጠራችም።

«ጭላዳ! እዚህ እንዳለህ አውቃለሁ። ስትሰጠኝ መጉደሉን አይተሃል ወይስ አላየህም? ውጣና ሕዝብ ፊት መልስ!»